እናትሽን ደሴ ላይ የምታቅፈው አንቺ ነሽ ወይስ አምሳያሽ?

ጥያቄው፦ «የምሠራው አዲስ አበባ ነው፤ እናቴ ደሴ ናት። መንገዱ ቀኑን ሙሉ ስለሚፈጅ በዓመት ሁለቴ ብሄድ ነው። በቀደም ከጓደኛዬ ጋር ስናወራ፣ ሰውን እዚህ አንብቦ እዚያ የሚሠራ ማሽን ቢመጣ በየቅዳሜው እገባበት ነበር አልኩት። እሱ ግን ‹ያኔማ አንቺ እዚህ ትሞቻለሽ። አተሞቹ ያንቺ ስላልሆኑ እዚያ የምትወጣው ሌላ ሴት ናት› አለኝ። እኔ ደግሞ ትዝታዬ፣ ጠባዬ፣ ለእናቴ ያለኝ ፍቅር ሁሉ አብሮ ከሄደ እኔው ነኝ ባይ ነኝ። ማናችን ነን ልክ?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ደሴ ውስጥ ፍልስፍና አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ይህን ነገር ሲያነሱ ብዙውን ጊዜ ልባቸው ማሽኑ ላይ ነው። አንቺ ግን የጠየቅሽው ስለ እናትሽ ነው፣ ማለቴ ማን እንደሚያቅፋት። እኔም ከዚያ ነው የምነሣው።

መልሴን አስቀድሜ ልንገርሽ። እኔ ብሆን አልገባም፤ አንቺም እንድትገቢ አልመክርሽም። ጓደኛሽ የደረሰበት ነገር ልክ ይመስለኛል፤ የሰጠሽ ምክንያት ግን አያስኬድም። ያንቺ ምክንያት ከሱ ምክንያት በጣም ይሻላል፤ እሱም ቢሆን አንድ ቦታ ላይ ይሰበራል። የት እንደሚሰበር ለማየት ትንሽ መንገድ መሄድ ይኖርብናል። አብሽሪ፣ ከባድ አይደለም።

መጀመሪያ ቃላችንን እናጥራ። «ማንነት» ስል በየዜናው የምንሰማውን የብሔር ማንነት ማለቴ አይደለም። ትናንት የነበረችው ሴትና ዛሬ ያለችው ሴት አንድ ሰው ናቸው የሚያሰኘን ምንድን ነው? ጥያቄዬ ይኼ ነው። አማርኛችን እዚህ ላይ ጥሩ አድርጎ ያግዘናል። ሁለት ነጠላ ገዝተሽ ክሩም ጥለቱም አልለይ ቢልሽ «አንድ ዓይነት ናቸው» ትያለሽ። «አንድ ናቸው» ግን አትዪም፤ ሁለት ናቸዋ! አንዱ እሳት ቢነካው ሌላው ሳጥን ውስጥ ደህና ነው። የማሽኑ ጣጣ በሙሉ ያለው «ዓይነት» የምትለዋ ቃል ላይ ነው። ደሴ ላይ የምትወጣው ሴት ካንቺ ጋር አንድ ዓይነት መሆኗን ጓደኛሽም አይክድም። የሚያከራክረው አንድ መሆኗ ነው።

ስለ ማሽኑም ጥቂት ልበል፣ ምክንያቱም ቴሌፖርቴሽን የሚባለው ነገር፣ አንዱን እዚህ አንብቦ እዚያ ማስገኘት፣ በጠባቡ ትርጉሙ በእርግጥ አለ። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ። በ1993 ቻርልስ ቤኔትና አምስት ባልደረቦቹ የአንዲት ቅንጣትን ኳንተማዊ ሁኔታ ሩቅ ወዳለች ሌላ ቅንጣት ማስተላለፍ እንደሚቻል በስሌት አሳዩ። በ1997 የአንቶን ዛይሊንገር ቡድን ኦስትሪያ፣ ኢንስብሩክ ውስጥ በብርሃን ቅንጣት ላይ ሞክሮ ሠራለት። በ2017 ደግሞ ቻይናውያን ከምድር ወደ ሳተላይት፣ እስከ 1400 ኪሎ ሜትር ርቀት ድረስ አደረጉት። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ ርቀቱ አይደለም የሚያስቸግረው። ብዛቱ ነው። እነሱ ያስተላለፉት የነጠላ ቅንጣትን ሁኔታ ነው፤ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ውስጥ ግን ያለው የአተም ብዛት ከ7 ቀጥሎ 27 ዜሮ ተደርድሮ የሚጻፍ ነው። በኛ ዕድሜ እንዲህ ያለ ማሽን አናይም።

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ያዢልኝ። በእነዚያ ሙከራዎች ቅንጣቷ ራሷ የትም አልሄደችም። የተላለፈው ሁኔታዋ ነው፣ ማለትም እንዴት እንደነበረች የሚገልጸው ነገር። እዚያ ማዶ የምትጠብቅ ሌላ ቅንጣት ነበረች፤ እሷ ያንን ሁኔታ ወረሰች። ያንቺም ማሽን እንደዚያው ነው። ደሴ ላይ ካርቦንም ውኃም ጨውም ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣው አሠራሩን የሚናገር መልእክት ብቻ ነው። ስለዚህ «እሄዳለሁ» ያልሽው ቃል ራሱ ገና ያልተመለሰ ጥያቄ ይዟል። ደብዳቤ ይሄዳል። ጸሐፊዋ ሄደች ወይ?

አሁን ወደ ጓደኛሽ ምክንያት። «አተሞቹ ያንቺ አይደሉም» አለሽ። ቦርከናን አስቢው። ከደሴ አካባቢ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ወደ አዋሽ ይወርዳል። ልጅ ሆነሽ ያየሽው ውኃ ዛሬ የለም፤ ቦርከና ግን አለ። ያንቺም አካል እንደዚያ ነው። ቀይ የደም ሕዋስ የሚኖረው 120 ቀን ያህል ነው፣ ያልቃል፣ በሌላ ይተካል። የቆዳና የአንጀት ሽፋንማ ከዚያም ይፈጥናል። (በነገራችን ላይ «በሰባት ዓመት ውስጥ መላ ሰውነታችን ይቀየራል» የሚባለው ልክ አይደለም። ዮናስ ፍሪሰን የሚባል የስዊድን ተመራማሪና ባልደረቦቹ የኑክሌር ቦምብ ሙከራዎች አየር ላይ የበተኑትን ካርቦን 14 እንደ ሰዓት ተጠቅመው በ2005 እንዳሳዩት፣ በአንጎል የላይኛው ሽፋን ያሉት የነርቭ ሕዋሶች ዕድሜያቸው የባለቤታቸውን ያህል ነው። አብረውሽ ተወልደው አብረውሽ ያረጃሉ።) ግን እነዚያ ሕዋሶችም ቢሆኑ የተሠሩበት ፕሮቲንና ቅባት እየፈረሰ በአዲስ ይተካል። ሕዋሱ ይቆያል፣ ጡቡ ይለዋወጣል። ከምትበዪው እንጀራ የመጣ አተም ነገ ያንቺ ነው፤ ዛሬ ያንቺ የሆነው ደግሞ በትንፋሽሽ ይወጣል። አተም መቀየር መሞት ቢሆን ኖሮ ሁላችንም ብዙ ጊዜ ሞተናል። ስለዚህ ጓደኛሽን በዚህ ነጥብ ረትተሽዋል።

ያንቺ ምክንያት የቆየ ባለቤት አለው። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ በ1694 በታተመው የመጽሐፉ ሁለተኛ እትም ላይ ሰውን ያው ሰው የሚያሰኘው ንቃቱ ነው አለ፤ ያለፈ ሥራሽን የራሴ ነው ብለሽ የምታውቂበት ንቃት። የልዑል ንቃት ትዝታውን ሁሉ ይዞ ወደ ጫማ ሰፊ አካል ቢገባ፣ ያ ጫማ ሰፊ የሚመስለው ሰው ልዑሉ ነው አለ። ስንሰማው እውነት ይመስላል። ያንቺም ማሽን በዚህ ሚዛን ያልፋል።

ቶማስ ሪድ የሚባል የስኮትላንድ ፈላስፋ ግን በ1785 እንዲህ ሲል ጠየቀ። አንድ ልጅ ፍራፍሬ ሰርቆ ትምህርት ቤት ውስጥ ተገረፈ። አድጎ ወታደር ሆነና የጠላት ሰንደቅ ማረከ። አርጅቶ ደግሞ ጄኔራል ሆነ። ወታደሩ ግርፋቱን ያስታውሳል። ጄኔራሉ ሰንደቁን ያስታውሳል፤ ግርፋቱን ግን ፈጽሞ ረስቶታል። በሎክ ሚዛን ልጁና ወታደሩ አንድ ናቸው፣ ወታደሩና ጄኔራሉም አንድ ናቸው፣ ልጁና ጄኔራሉ ግን አንድ አይደሉም። እንዲህ ሊሆን አይችልም።

እኔ ይህን ክርክር ለዓመታት በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ሦስት ክብ እየሳልኩ አስተምሬዋለሁ። በእውነት የገባኝ ግን እናቴ መርሳት ስትጀምር ነው። በመጀመሪያ የዕቃ ስም ጠፋት፣ ቀጥሎ የጎረቤቶቿ፣ ከዚያ የኔ። አንድ ቀን አጠገቧ ቁጭ ብዬ «እማዬ፣ እኔ ማን ነኝ?» አልኳት። ለረጅም ጊዜ አየችኝ። «እንጃ» አለች። ቆየት ብላ ደግሞ «እህል ቀምሰሃል?» አለችኝ። ሲኒዎቹን ዛሬም በልማዷ ትደረድራለች፣ ዕጣን ሲሸታት ቀና ትላለች፣ ወገቧን ይዛ የምትነሣበት አነሣሥ እንኳ አልተለወጠም። የትዝታ ገመዷ ከዚያች እኔን አዝላ ገበያ ከምትወርደው ሴት ጋር ተበጥሷል ማለት ይቻላል። ታዲያ ሌላ ሴት ሆነች? ማንም እንዲህ ቢለኝ አልቀበለውም። ያዘለችኝ ጀርባ ያ ነው፣ አሁን የማሸው። ትዝታዋ ቢሄድም እሷ አልሄደችም። ትዝታ ለሰው ውድ ንብረቱ ነው፤ ባለቤቱ ግን አይደለም።

እርግጥ የሎክን ሐሳብ የጠገኑለት አሉ። ዋናው ዴሪክ ፓርፊት ነው፣ ያንቺን ማሽን ዝነኛ ያደረገው እንግሊዛዊ ፈላስፋ። 1942 ተወልዶ 2017 ያረፈ። የሱ ጥገና እንዲህ ነው፦ ዛሬ የትናንትን ሁሉ ማስታወስ የለብሽም፤ ዛሬ ከትናንት ጋር፣ ትናንት ከትናንት ወዲያ ጋር እየተያያዘ ሰንሰለቱ ካልተቋረጠ በቂ ነው። ትዝታ ብቻ ሳይሆን ጠባይም፣ ሐሳብም፣ ዕቅድም የሰንሰለቱ ቀለበት ይሆናል። ይህ የሪድን ጄኔራል ያድነዋል። ያንቺም ክርክር በጣም የሚጠነክረው በዚህ መልኩ ሲቀርብ ነው። ማሽኑ ሰንሰለቱን ይቀጥላልና፤ ዓርብ ማታ ያሰብሽውን ነገር ደሴ ላይ የምትወጣው ሴት ቅዳሜ ጠዋት ታስበዋለች።

የሚሰበረው እዚህ ላይ ነው። በደንብ ተከተዪኝ።

ፓርፊት በ1984 ባሳተመው ትልቅ መጽሐፉ ላይ ማሽኑን ትንሽ አሻሻለው። አዲሱ ማሽን ሰውየውን ሳያፈርስ ያነበዋል። ማርስ ላይ አምሳያው ይሠራል፣ ምድር ላይ ያለውም ደህና ይወጣል። ከዚያ ለምድሩ ሰው ማሽኑ ልብህን ጎድቶታል፣ የቀረህ ጥቂት ቀን ነው ይሉታል። ማርስ ላይ ያለው አምሳያው በስክሪን ያጽናናዋል፤ ሥራህን እኔ እቀጥላለሁ፣ ቤተሰብህንም እወዳለሁ ይለዋል።

ነገሩን ወደኛ ሰፈር እናምጣው። አዲስ አበባ ላይ ማሽኑ ውስጥ ገባሽ፣ አንቺን የሚያፈርሰው ክፍል ሳይሠራ ቀረ። ወጣሽ። ስልክሽን ስትከፍቺ እናትሽ በቪዲዮ ደወለች፤ ከጎኗ ያንቺው ፊት ያላት ሴት ተቀምጣ አቦል ትጠጣለች። እናትሽ እጇን አንገቷ ላይ ጥላለች። አሁን ራስሽን ጠይቂ፦ የእናትሽ እጅ ሙቀት ይሰማሻል? ቡናው አፍሽ ውስጥ አለ? የለም። አንቺ ያለሽው ቦሌ ወይም መገናኛ የሆነ ቦታ ነው፣ ስክሪን እያየሽ። ልብሽም የሚለው «እሷ እኔ አይደለችም» ነው።

እንግዲህ ደሴ ላይ ከመጀመሪያው ታሪክ የተለየ ምን ነገር ተፈጠረ? ምንም። ሴትየዋ ያችው ናት፣ ቡናውም ያው፣ እቅፉም ያው። ልዩነቱ ሁሉ አዲስ አበባ ላይ ነው፤ የማፍረሻው ክፍል መሥራቱና አለመሥራቱ። ያንቺን ሐሳብ ከያዝን የደሴዋ ሴት አንቺ የምትሆነው እዚህ ያለሽው ከጠፋሽ ብቻ ነው። ይህ እንዴት ይሆናል? እዚያ የተቀመጠች ሴት ማን እንደሆነች 400 ኪሎ ሜትር ርቆ የሚሠራ ወይም የማይሠራ ማብሪያ እንዴት ይወስነዋል? የእኔ ማንነት የሚወሰነው በእኔ ውስጥ ባለው ነገር እንጂ ሌላ ቦታ ሌላ ሰው በመኖሩና ባለመኖሩ መሆን የለበትም። ይህን ነጥብ ቀደም ብሎ በ1950ዎቹ በርናርድ ዊልያምስ የሚባል ፈላስፋ አንሥቶታል። እኔ እስካሁን ከሰማኋቸው ክርክሮች ሁሉ ከዚህ የጠነከረ አላገኘሁም።

በስልክ ብር ስትልኪም ተመሳሳይ ነገር አለ። እናትሽ ጋ የሚደርሰው ያንቺው ኖት አይደለም፤ አዲስ አበባ ላይ ከሒሳብሽ 1000 ይቀነሳል፣ ደሴ ላይ 1000 ይጨመራል። ማንም «ያው ብር ነው ወይ?» ብሎ አይጨነቅም፣ ምክንያቱም ብር ማለት ልኩ ነው። እዚህ ባይቀነስና እዚያ ቢጨመር ስሕተት ነው ተብሎ ይመለሳል፣ አለቀ። ሰው ላይ ግን «ስሕተት ስለሆነ አንዷን እንሰርዝ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስቢ። የመጀመሪያው ማሽን የሚሠራው ይህንኑ ስረዛ ነው። በፍጥነት ስለሚሠራው ሳናየው ያልፋል እንጂ።

አንዳንድ የፊዚክስ ሰዎች «ሁለት መሆንማ አይቻልም» ይሉሻል። በ1982 እንደተረጋገጠው የማይታወቅን ኳንተማዊ ሁኔታ ዋናውን ሳያጠፉ መቅዳት አይቻልም፤ እውነታቸውን ነው። ግን አያድንሽም። የሰውነትሽ ሙቀት በየቅጽበቱ የቅንጣቶችሽን ሁኔታ ያተራምሰዋል፤ አንቺ ግን ያውና አለሽ። እናትሽን መውደድሽ በእያንዳንዷ ቅንጣት ትክክለኛ ሁኔታ ላይ የተንጠለጠለ ቢሆን ኖሮ ትኩሳት በያዘሽ ቁጥር ሌላ ሰው ትሆኚ ነበር። አንቺን የምትመስል ሴት ለመሥራት እንዲያ ያለ ጥራት የሚያስፈልግ አይመስለኝም፤ ካላስፈለገ ደግሞ እገዳው አይሠራም፣ ሁለት መሆን ይቻላል።

ነገሩን በደንብ የሚያሳየኝ ዜማ ነው። ወሎ የባቲና የአምባሰል አገር አይደል? አንድ የባቲ ዜማ ዛሬ ደሴ ላይ በክራር ይመታል፣ በዚያው ሰዓት አዲስ አበባ ላይ በማሲንቆ ይመታል። ዜማው አንድ ነው፤ ሁለት ቦታ መገኘቱ አያስቸግረውም፣ አንዱ ክራር ቢሰበር ዜማው አይጎዳም። ክራሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ያ ክራር ያ ክራር ነው፣ ከተሰበረ ተሰበረ። እንግዲህ ጥያቄው አንቺ ዜማ ነሽ ወይስ ክራር? የሚል ይሆናል። ማሽኑ ዜማውን ያሳልፋል፣ በዚህ አልጠራጠርም። ግን ዜማ አይራብም፣ አይፈራም፣ ቁርጥማት አያመውም። እናትሽን የሚናፍቀው ሆድሽ ነው፤ ሆድ ደግሞ ያለው የሆነ ቦታ ነው፣ በአንድ ጊዜ አንድ ቦታ።

«እንቅልፍስ? በየሌሊቱ ንቃት ይቋረጥ የለ? ማደንዘዣስ?» ትዪኝ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ተማሪዎቼም ሁልጊዜ ያነሡታል። መልሴ ማድቤት ውስጥ ነው ያለው። እናቶቻችን ማታ ፍሙን አመድ አልብሰው ይዳፍኑታል። ሌሊቱን ነበልባል የለም፣ ብርሃን የለም። ጠዋት አመዱን ገለጥ አድርገው እፍ ሲሉበት ይነሣል። ያው የትናንቱ እሳት ነው፣ አልጠፋማ፣ ተዳፍኖ ነው። እንቅልፍም ማደንዘዣም መዳፈን ነው፤ ልብሽ ይመታል፣ ሕዋሶችሽ ይሠራሉ፣ ያ የሕይወት ሥራ አንዲት ደቂቃ አልቆመም። እሳት የጠፋበት ቤት ደግሞ ልጅ ልኮ ከጎረቤት ይጭራል፤ የተጫረው እሳት ከጎረቤት እሳት ተወልዷል፣ የጎረቤቱ ግን እዚያው ይነድዳል። ማሽኑ የሚሠራው ከዚህም ያንሳል። ፍም እንኳ አይወስድም። እሳቱ እንዴት እንደሚነድ ጽፎ ይልክና፣ እዚያ ያሉት በራሳቸው እንጨት ልክ እሱን የመሰለ ያነዳሉ፤ የዚህኛው ላይ ውኃ ይደፋበታል። አዲሱ እሳት እውነተኛ እሳት ነው። ያሞቃል፣ ያበስላል። ያንኛው ግን ጠፍቷል።

ስለዚህ እኔ የምቆመው ሰው በመጀመሪያ ሕያው አካል ነው ከሚሉት ጋር ነው። ኤሪክ ኦልሰን የሚባል ፈላስፋ በ1997 ይህን በመጽሐፍ አድርጎ ተከራክሮበታል። ይህ አቋም የሚያመው ቦታ እንዳለው ልደብቅሽ አልፈልግም። የአንጎልሽ የማሰቢያ ክፍል ወጥቶ ሌላ አካል ውስጥ ቢገባ እኔም እንደ አብዛኛው ሰው «ከአንጎሏ ጋር ሄዳለች» እላለሁ፤ ኦልሰን ግን አልሄደችም ይላል። እኔ የማስታርቀው ቢያንስ የአንጎሉ ሕይወት ሳይቋረጥ መቀጠል አለበት በማለት ነው፣ ፍሙ እጅ በእጅ መተላለፍ አለበት። ማሽኑ ይህን አያደርግም።

ፓርፊት ራሱ የደረሰበትን ብታውቂ ትገረሚያለሽ። «አዎ፣ አንቺ ነሽ» አላለም። ያለው፣ አንቺ መሆንሽና አለመሆንሽ ያን ያህል አያስጨንቅም፤ ዋናው ነገር ትዝታሽና ጠባይሽ መቀጠሉ ነው፣ በማሽን መፍረስና መተካት ከተለመደው መኖር ብዙ አይከፋም ነው። ይህን ሲቀበል ቀድሞ ሕይወቱ እንደ መስታወት ዋሻ ይታየው እንደነበር፣ አሁን ግን ግድግዳው ፈርሶ ለሌሎች ሰዎች እንደቀረበ ጽፏል። ይህን ስፍራ ባነበብኩት ቁጥር ልቤ ይነካል። ሞትን መፍራቱን ቀንሶለታል፣ ሰው መውደዱን ጨምሮለታል። ግን አልከተለውም፣ ምክንያቱም ፍቅር እንደዚያ አይደለም የሚሠራው። ለእናትሽ ካንቺ ጋር አንድ ዓይነት የሆነች፣ እንዲያውም ቶሎ የማትቆጣ፣ ስልክ በየቀኑ የምትደውል ሴት ልጅ ቢያመጡላትና «አሮጌዋን እንውሰድ» ቢሏት ምን ትላለች? «የኔዋን መልሱልኝ» ነው የምትለው። የምትወደው የጠባይ ዝርዝርሽን አይደለም። አንቺን ነው፣ ያቺን የወለደቻትን።

ወሎ ውስጥ ይህን ስናወራ መስጊድ የሚሄደውም ቤተ ክርስቲያን የሚሄደውም ማንሣቱ የማይቀር አንድ ነገር አለ፣ አንዳንዴም ሁለቱ በአንድ ቤት ነው ያሉት። «ፈጣሪ ከአፈር አያስነሣንም ወይ? ያኔ አምሳያ ነን ማለት ነው?» ይላሉ። ጥንታዊ ጥያቄ ነው። የጥንቱ የክርስትና ሊቅ አውግስጢኖስ ሰው የበላው ሰው በትንሣኤ ሥጋው ለማን ይመለሳል እያለ በዝርዝር ጽፎበታል። ሙስሊሙ ፈላስፋ ኢብን ሲና ደግሞ በ11ኛው ክፍለ ዘመን አየር ላይ የተንሳፈፈ፣ የማያይ፣ የማይሰማ፣ አካሉንም የማይነካ ሰው ቢኖር እንኳ መኖሩን ያውቃል ብሎ፣ ነፍስ ከሥጋ የተለየች ናት ወደሚል ሐሳብ ሄዷል። ነፍስ አለች ለሚል ሰው የማሽኑ ጥያቄ ይበልጥ ይከብደዋል እንጂ አይቀለውም፤ ማሽኑ የሚያነበው አተም ነው፣ ነፍስን የሚጭንበት ክፍል የለውም። ትንሣኤም ቅጂ ተደርጎ አልተነገረም፤ የሚነሣው ራሱ የሞተው ነው ተብሎ ነው የሚታመነው። ከዚህ በላይ ያለውን ለሼኹና ለቄሱ እተዋለሁ፣ ከኔ ይልቅ እነሱ ያውቁታል።

አንድ ነገር ቀረኝ፣ በጣም የምጨነቅበት። እኔ «አንቺ አይደለሽም» ስል ደሴ ላይ የምትወጣዋን ሴት ማቃለሌ አይደለም። እሷ ሙሉ ሰው ናት። ትራባለች፣ ትስቃለች፣ ያንቺን የልጅነት ሕመም የራሷ አድርጋ ታስታውሳለች፣ እናቴ ብላ ስትጠራ ከልቧ ነው። ዋሽታም አይደለም፤ የምታውቀው እናት ያቺን ብቻ ነው። ማሽኑ አንዴ ቢሠራና እውነቱን የማውቀው እኔ ብቻ ብሆን፣ እናትሽን «ከቤት አስወጪያት» አልላትም። እንዲያውም የሚገባትን ሁሉ እንዲሰጧት እከራከራለሁ። የማዝነው ስለ እሷ አይደለም፣ ስለ አንቺ ነው። እናቷን ለማየት ጓጉታ ቅዳሜ ጠዋት ሳጥን ውስጥ ገብታ፣ አንድ ብልጭታ አይታ፣ ከዚያ በኋላ ምንም ስላላየችው ልጅ። እናትየው እያቀፈች፣ እየሳቀች፣ ልጇ መሞቷን ሳታውቅ ትቀራለች። የሚያለቅስ እንኳ አይኖርም። እኔን በጣም የሚያስፈራኝ ይኼ ነው።

በአውቶቡስ ስትመጪ ግን ሌላ ነው። ጣርማ በር ዋሻ ስትደርሺ የምትደርሺው አንቺ ነሽ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ የሚሞቅሽ አንቺ ነሽ፣ ከኮምቦልቻ በኋላ የሐረጎን ጥምዝምዝ ስትወጪ ጆሮሽን የሚደፍነው አየር ያንቺን ጆሮ ነው የሚደፍነው። ሲደክምሽ ይደክምሻል። በሩን የምታንኳኳው እጅ ከአዲስ አበባ ሻንጣውን ይዞ የመጣው እጅ ነው።

በሚቀጥለው ስትመጪ ጥያቄውን ለእናትሽ አንሺላት፣ ማሽን ምናምን ሳትዪ፣ እንዲሁ በጨዋታ መሐል፦ «እኔን በሁሉ ነገር የምትመስል፣ ራሷን እኔ ነኝ ብላ የምታምን ልጅ በኔ ፈንታ ብትመጣልሽ ትቀበያታለሽ ወይ?» በያት። ያለችሽን ጻፊልኝ፤ ለተማሪዎቼ አነብላቸዋለሁ።